ሰማይ ይታመናል ወይ? ስለ ጥንታዊ ቻይና እምነትና ጥርጣሬ የተከፈተው ክር፣ እስከ 23ኛው ምላሽ

ይህን ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ። ዘግይተው የገቡ አንባብያን ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ማንበብ እንደ ከበዳቸው ስለ ገለጹ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተል ላስቀምጠው ወደድሁ። የማንንም ቃል በቀጥታ አልጠቅስም፤ ያጣመምሁት ሐሳብ ካለ ባለቤቱ ከሥር ያርመኝ።

መክፈቻዬ አንድ ጥያቄ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረው ኮንፊሺየስ አማኝ ነበር ወይስ ተጠራጣሪ? ጥያቄውን ያስነሡብኝ፣ «ሉንዩ» በሚባለው የንግግሮቹ መጽሐፍ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ሦስት ቦታዎች ናቸው። ዚሉ የተባለው ደቀ መዝሙር ስለ ሞት ሲጠይቀው፣ ሕይወትን ገና ሳናውቅ ሞትን ከወዴት እናውቃለን ብሎ ነገሩን ይዘጋበታል። ይኸው ሰው ግን አብልጦ የሚወደው ተማሪው ያን ሁዊ በሞተበት ጊዜ ሰማይ አጠፋኝ እያለ ደጋግሞ ጮኸ፤ ለቅሶው ከልክ ማለፉንም በዙሪያው የነበሩት ሳይነግሩት አልቀሩም። በሌላ ቦታ ደግሞ መሥዋዕት ሲያቀርብ ሙታኑ በፊቱ እንዳሉ አድርጎ ያቀርብ እንደ ነበር ተጽፏል። እኔን ቀስፋ የያዘችኝ ይህች «እንዳሉ» የምትለው ቃል ናት፤ አለ ብሎ ለሚያምን ሰው ምን ታደርግለታለች? የለም ለሚል ሰውስ መሥዋዕቱ ራሱ ምን ያደርግለታል?

1ኛው መላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ጥያቄው ካለቀ ቆይቷል ሲል በትሕትና ነገረኝ። ኮንፊሺየስ መናፍስትን አክብሮ ከእነርሱ መራቅን ጥበብ ብሎ ጠርቶታልና፣ ሰውየው ከሙታን ይልቅ ሕያዋንን የመረጠ ዓለማዊ ፈላስፋ ነው የሚል ነበር ማጠቃለያው። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ሰዓት ተስማምቼለት ነበር።

2ኛዋ፣ ናንጂንግ ውስጥ ቋንቋውን ለዓመታት የተማረች እኅታችን፣ ሁለታችንንም በአንድ ጊዜ አረመችን። በእርሷ ንባብ ያ ቃል ፋን ቺ የተባለ ተማሪ ስለ ጥበብ ላቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ የሚጀምረውም ለሕዝቡ የሚገባውን በማድረግ እንጂ በመናፍስት አይደለም። ደግሞም መራቁ ከማክበሩ ተነጥሎ አይነበብም፤ ሰው ከንጉሥ ፊት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የሚቆመው ንጉሡ የለም ብሎ አይደለምና። ከዚያ እኔ ያላስተዋልሁትን አራተኛ ቦታ አመጣች። ኮንፊሺየስ በጠና በታመመ ጊዜ ዚሉ ልጸልይልህ ይለዋል፤ እርሱም እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቅና፣ የድሮ የጸሎት ጽሑፍ ሲጠቀስለት እኔስ ስጸልይ ብዙ ዘመኔ ነው ብሎ ይመልሳል። በምን ዓይነት ጸሎት እንደ ሆነ አይናገርም። እኅታችን እዚህ ላይ ቆመች፤ መቆሟም መልካም ነበር፤ ያ መልስ ወደ የትኛውም ወገን ቢጎትቱት ይቀደዳል።

3ኛው ምላሽ የመጣው በመንገድ ሥራ ላይ ለቻይናውያን መሐንዲሶች ያስተረጉም ከነበረ ወንድማችን ነው። ሙታን በሚታሰቡበት በቺንግሚንግ ቀን፣ በፈረንጆች ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ አለቃው ከካምፑ በስተ ጀርባ ብቻውን ወጥቶ መሬት ላይ ክብ ሲሠራ አየው። በክቡ ውስጥ ወረቀት አቃጠለ፤ ከጎኑ አረቄ አፈሰሰ፤ አንድ ሲጋራ ለኩሶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና እስኪያልቅ ድረስ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ወንድማችን በኋላ ታምናለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሰውየው ጥያቄው ግራ ገባው። በምንም እንደማያምን ነገረውና፣ አባቴ ግን ሲጋራ ይወድ ነበር ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ከምላሾቹ ሁሉ ብዙ ሰው የወደደው ይህ ነበረ።

ያልወደደው 4ኛው መላሽ ነው። ለእርሱ ነገሩ ያማረ ግብዝነት ነበረ፤ ይህንንም ለማለት ከሩቅ መምጣት እንደማያሻው፣ ፈላስፋው ሞዚ በዚያው በቻይና ምድር ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት እንዳለው ጻፈ። ሞዚ ሰማይ ፈቃድ እንዳለው፣ መናፍስትም በእርግጥ እንዳሉና በዳይን እንደሚቀጡ ያስተማረ፣ ኮንፊሺያውያንንም እግር በእግር እየተከታተለ የነቀፈ ሰው ነበረ። መንፈስ የለም እያሉ የመሥዋዕት ሥርዐት የሚማሩትን፣ እንግዳ ሳይኖር የእንግዳ አቀባበል ከሚያጠና፣ ዓሣ በሌለበትም መረብ ከሚሠራ ሰው ጋር አመሳስሏቸዋል። መላሹ በዚህ ላይ ሲሉ ሰምታ የምትለውን የዶሮ ተረት ጨመረበት። ያንን ባይጨምር ክርክሩ የበለጠ ይጠነክር ነበር፤ ተርጓሚው ወንድማችን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

5ኛው ምላሽ የአንድ ዲያቆን ነው። እርሳቸው ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉ ይፈታ አሉ፤ በቻይንኛ እምነት የሚባለው ምንድር ነው? ሰማይ ሲሉስ ሰማዩን ነው ወይስ ሰማይን የፈጠረውን? የእኛ እምነት ከአመነ፣ አመነም ከአሜን ጋር አንድ ሥር እንዳለው አስታውሰው፣ ያለ ቃል ፍቺ የሚደረግ ክርክር የጨለማ ውጊያ እንደ ሆነ አሳሰቡ።

6ኛው የናንጂንጓ እኅታችን መልስ ነው፤ እኔ ክሩ የዞረው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ነገሩን ከሥሩ ጀመረችው። የጥንቱ የሻንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ጥያቄ እያቀረቡ፣ የበሬ የትከሻ አጥንትና የኤሊ ቅርፊት በትኩስ እሳት ነክተው ስንጥቁን በማንበብ ዲ ወይም ሻንግዲ የሚሉትን ልዑል ኃይልና የሞቱ አባቶቻቸውን ይጠይቁ ነበር። ዝናብ ይዘንባል ወይ፣ ጥርሴን ያሳመመኝ የትኛው አባቴ ነው፣ ጦርነቱ ይቅናን ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ገደማ ዦዎች ሻንግን ሲጥሉ ቲየን፣ ማለትም ሰማይ፣ የሚለው ስም ገነነ፤ አዲሶቹ ነገሥታትም ሥልጣናቸውን የሰማይ ሹመት ብለው አስረዱ። እዚህ ላይ በአማርኛችን የሚያምር ነገር ታየኝ፤ ሹመት ካለ ሽረት አለ፤ ሻንግን የሻረ ሰማይ ዦንም ይሽራል። ይህን ከሁሉ በፊት የተረዱት የዦ መሥራቾች ራሳቸው እንደ ነበሩ እኅታችን አሳየች። በጥንታዊው የሰነዶች መጽሐፍ ውስጥ የዦው መስፍን ሰማይ የሚታመን እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል፤ የግጥሞች መጽሐፍም፣ «ሺጂንግ» የሚባለው፣ ሥርወ መንግሥቱን በሚያወድስ መዝሙር መካከል ሰማይ ለመታመን የሚያስቸግር መሆኑን ይጠቅሳል። በመጀመሪያው ቦታ የገባው ቃል ሺን ነው፤ ሰው እና ንግግር ከሚሉ ምልክቶች የተገጣጠመ፣ ዛሬ ሃይማኖታዊ እምነትን ለመግለጽ የሚያገለግለው ያው ቃል። በኮንፊሺየስ አፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ለሰው የገባውን ቃል መጠበቁን ያመለክታል።

እንግዲህ ለዲያቆኑ የመጣላቸው መልስ፣ በጥንቱ ቻይንኛ የእምነት ጥያቄ ወደ መታመን ጥያቄ የተጠጋ ነው የሚል ሆነ። ሰማይ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ሰማይ ቃሉን ይጠብቃል ወይ፣ ይሰማል ወይ፣ ይፈርዳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ሞልቷል። የእኔ «አማኝ ወይስ ተጠራጣሪ» የተሳሳተ በር ላይ የቆመ ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው።

7ኛው መላሽ ይህ ሁሉ ሲባል ያሳሰበው የስም አጻጻፍ ነበረ። ኮንፊሺየስ የሚለው ስም ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ኮንግ ፉዚ የሚለውን ወደ ላቲን ሲያዞሩት የወጣ በመሆኑ፣ እኛ በላቲን በኩል ዞረን መጠምዘዝ የለብንም አለ። ልክ ነው፤ ነገር ግን ልማድ አሸንፎኛልና በያዝሁት እቀጥላለሁ።

8ኛው ምላሽ የአንድ ጡረተኛ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፤ ከሁሉም ረጅሙም ነበረ። መምህሩ የተነሡት ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ከሚለው የእኛ አባባል ነው። የቻይና ገጣሚዎች፣ አሉ፣ ይህን አልሰሙም፤ በ305ቱ የሺጂንግ ግጥሞች ውስጥ ሰማይ ደጋግሞ ተከሷል። አንዱ ከሳሽ ሰፊው ሰማይ ቸርነቱን አጥፎ ሞትንና ረኃብን እንዳወረደ፣ በደለኛውን ትቶ ንጹሑን እንደ ጠራረገ ይዘረዝራል። ሌላው፣ የቺን መስፍን ሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ621 ሲሞት አብረውት እንዲቀበሩ ስለ ተደረጉት ሦስት ወንድማማች ጀግኖች የተገጠመ ለቅሶ ነው፤ ከመስፍኑ ጋር የሞቱት በጠቅላላው 177 እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን መዝግቧል። በዚያ ግጥም በእያንዳንዱ አንጓ መጨረሻ አልቃሹ ወደ ላይ ቀና ብሎ ያን ሰማያዊ ሰማይ ደጋጎቻችንን ፈጀህ ይለዋል፤ ቢቻልስ ለአንዱ ቤዛ መቶ ሰው እንሰጥ ነበር ይላል። መስፍኑን አይከስም። መምህሩ እንደሚሉት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ አገር ሰማይ ሲከሰስ የማይከሰሰው ንጉሥ ከጀርባው ቆሞ ይሰማል።

ከዚያ ወደ ድርቁ ግጥም ሄዱ። በትውፊት የዦው ንጉሥ ሹዋን ነው የሚባል ሰው፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የከዋክብቱን ወንዝ ጥርት ብሎ ያያል፤ ጥርት ማለቱ መርዶ ነው፤ ደመና የለም። ያልሠዋሁለት መንፈስ የለም፣ የሰሰትሁት ከብት የለም፣ የጄድ ድንጋዮቼ አልቀዋል፣ ታዲያ ስለ ምን አልሰማም ይላል። መምህሩ በልጅነታቸው ዝናብ በጠፋበት ዓመት መንደሩ ምህላ ሲወጣ ያዩትን አነሡ፤ አዋቂዎቹ እግዚኦ እያሉ ሲሰግዱ፣ አያታቸው ከስግደቱ ቀና ባሉ ቁጥር ምዕራቡን በዓይናቸው ይፈትሹ ነበር። ያ ዓይን እምነት ይሁን ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አልለየላቸውም፤ በንጉሡ ግጥም ውስጥ ግን ያው ዓይን እንዳለ እርግጠኛ ናቸው።

9ኛው መላሽ፣ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ ያለው ወጣት፣ ለዚህ ስሜት ጊዜ አልነበረውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረውን ኮንፊሺያዊ ፈላስፋ ሹንዚን ይዞ መጣ። የሰማይ አካሄድ ጽኑ ነው፤ ለደጉ ንጉሥ ብሎ አይኖርም፣ ለክፉው ብሎም አይጠፋም። ለዝናብ ተጸልዮ ቢዘንብ ምክንያቱ ምንድር ነው? ምንም፤ ሳይጸለይ ቢዘንብም ያው ነው። ወጣቱ ከዚህ ላይ ተነሥቶ ምህላን በጠቅላላ ጊዜ ማባከን ብሎ ጠራው። በ10ኛው ምላሽ ዲያቆኑ ተቆጡ፤ ስለ ቻይና መነጋገር ሌላ፣ የአያቶችን ስግደት መስደብ ሌላ እንደ ሆነ ጽፈው፣ ልጁ ዕድሜውን እንዲያስታውስ መከሩት። የመድረኩ አስተናባሪ በ11ኛው ሁለቱንም በጨዋ ቃል አሳሰበ።

12ኛው ምላሽ ነገሩን ያበረደው በዕውቀት ነው። እኅታችን ሹንዚን ያነበበ ሰው ቀጣዩን መሥመር መተው እንደማይገባው አሳየች። ሹንዚ የዝናቡን ጸሎት ይቅር አላለም። ፀሐይ ስትጋረድ እናድናታለን፣ ሲደርቅ ለዝናብ እንጸልያለን፣ ትልቅ ነገር የምንወስነው ንግርት ጠይቀን ነው፤ ይህን የምናደርገው የምንለምነውን ለማግኘት ሳይሆን ነገሩን ውበትና ወግ ለማልበስ ነው ይላል። ምሁሩ ወግ ነው ብሎ ያየዋል፣ ሕዝቡ ግን መንፈስ ነው ብሎ ያየዋል። ስለዚህ እርሱ የሚነቅፈው ስግደቱን ሳይሆን፣ ስግደቱ ዝናብ ያዘንባል ብሎ መተማመንን ነው።

በዚያው ምላሽ 4ኛውንም አልተወችውም። ሞዚ መረቡንና ዓሣውን የተናገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ሞዚ ስለ መናፍስት መኖር በጻፈው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ መናፍስት ባይኖሩ እንኳ የመሥዋዕቱ መብልና መጠጥ ቦይ ውስጥ እንደማይደፋ፣ ከውስጥ ዘመድ ከውጭ የመንደር ሰው ተሰብስቦ እንደሚበላው፣ ፍቅርም እንደሚገኝበት ይከራከራል። ከኮንፊሺያውያን ጋር የተጣላበትን ነገር በጓሮ በር አስገባው ማለት ነው። 4ኛው መላሽ ይህን አንብቦ አውራ ጣቱን ብቻ አሳይቶ አለፈ። ለዚህ መድረክ ያ ብዙ ነው።

ሰላም ወረደ ስንል 13ኛው መጣ። የእርሱ ተቃውሞ ከሁላችንም ጋር ነበረ፤ እምነትና ጥርጣሬ የሚል ሚዛን ከቤተ ክርስቲያን ክርክር ቆርጦ ወስዶ ቻይና ላይ መጫን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው አለ። ለማስረጃ የካቶሊክ ሚስዮናውያንን ጠብ አነሣ። ማቴዎ ሪቺ፣ ከ1552 እስከ 1610 የኖረው ኢየሱሳዊ፣ ሻንግዲና ቲየን የሚሉትን ስሞች ለእግዚአብሔር ለመጠቀም፣ ለአባቶች የሚደረገውንም ክብር እንደ ወግ ለመቁጠር ፈቃደኛ ነበረ፤ በኋላ ሮም በ1704 ሁለቱንም ከለከለች፤ የአባቶችን ክብር በሚመለከት የተመለሰችው በ1939 ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የፈጀው ጠብ፣ ይላል ይህ መላሽ፣ ቻይናውያን ያልጠየቁትን ጥያቄ ለመመለስ ነበረ። አጻጻፉ ሻካራ ነው፤ ግማሹን ግን እቀበልለታለሁ።

ያልተቀበልሁትን ግማሽ በ14ኛው ምላሽ ራሴ ጻፍሁ። ጥርጣሬ ባይኖር ኖሮ ሲማ ቺየን ምን ይሆናል? ይህ ሰው በጦር ሜዳ እጁን የሰጠውን የጦር አለቃ ሊ ሊንግን በንጉሡ ፊት በመከላከሉ ተሰለበ፤ ሞትን መርጦ ከውርደቱ ማምለጥ ሲችል የጀመረውን የ130 ምዕራፍ ታሪክ ለመጨረስ ሲል በሕይወት ቆየ። ከ70ዎቹ የሕይወት ታሪኮች መጀመሪያ ያደረገው የቦዪንና የሹቺን ነው፤ የዦን እህል አንበላም ብለው በሾውያንግ ተራራ ቅጠል ለቅመው በረኃብ የሞቱ ሁለት ወንድማማቾች። ከታሪኩ ግን የሚከተለው ጥያቄ ይበልጣል። ሰማይ ለማንም አያዳላም፣ ሁልጊዜ ከደጉ ጋር ነው ይባላል፤ ታዲያ እነዚህ ደጎች አልነበሩም ወይ? ያን ሁዊ ገለባ እንኳ ሳይጠግብ በወጣትነቱ ሞተ፤ ወንበዴው ዢ ግን ንጹሓንን ሲፈጅ ኖሮ ዕድሜ ጠግቦ አለፈ። እኔ ግራ ገብቶኛል፤ የሰማይ መንገድ የሚሉት ልክ ነው ወይስ ስሕተት? ይህን ከጠየቀ በኋላ መልስ አይሰጥም። የመጽሐፈ ኢዮብ አንባቢ ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ ድምፅ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን የሚመጣው ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። ስለዚህ ላሟ እዚያም ውላለች፤ ኩበቱ የእኛን ባይመስልም።

መምህሩ በ15ኛው ገጣሚውን ቹ ዩዋንን ይዘው ተመለሱ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ340 ገደማ በቹ ግዛት የተወለደውን፣ ከቤተ መንግሥት ተባርሮ በሚሉዎ ወንዝ ራሱን ሰጠመ የሚባለውን። የእርሱ ነው የሚባለው «ቲየን ወን» የተሰኘው ግጥም ከ170 በላይ ጥያቄዎችን ይዞ አንድም መልስ የለውም። መጀመሪያ ምንም ሳይፈጠር ያየና ያወራው ማን ነው ብሎ ይጀምርና፣ ሰማይ ከምን ጋር ታስሮ ቆመ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ብርሃኗ የት ይደበቃል እያለ ወርዶ ወደ ነገሥታቱ ይደርሳል፤ ሰማይ ሾሞ ሳለ ስለ ምን ሻረ ይላል። መምህሩን ያስደሰታቸው ርእሱ ነው። ቃል በቃል የሰማይ ጥያቄ እንጂ ሰማይን መጠየቅ አይልም፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ተንታኝ ዋንግ ዪ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሰማይ ክቡር ስለ ሆነ አይጠየቅም፣ ስለዚህ ቃሉ ተገለበጠ ብሏል። 170 ጊዜ ከጠየቁ በኋላ በርእሱ ላይ ማጎንበስ! ሰማይ አይታረስ ያለው ያገራችን ሰው ቢያነብበው ዘዴው ወዲያው ይገባው ነበር። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ሊዩ ዞንግዩዋን የተባለው የታንግ ዘመን ሰው በግዞት ሳለ ለጥያቄዎቹ መልስ ጻፈ፤ ማንም የሠራው የለም፣ ነገሩ በራሱ ተንቀሳቅሶ ሆነ የሚል መንፈስ ያለው መልስ።

16ኛውና 17ኛው ምላሾች ቻይና ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ወደ ማርስ የላከችው መንኮራኩር ቲየን ወን ተብሎ መሰየሙን አነሡ፤ ከማርስ ወደ ቻይና የትምህርት ዕድል፣ ከትምህርት ዕድሉም ወደ ቪዛ ተሻገሩ። የሚያስፈልገው ሰው እዚያው ያንብብ።

18ኛዋ መላሽ ግጥም የምትጽፍ እኅት ናት፤ ያመጣችው ከ365 እስከ 427 የኖረውን ታኦ ዩዋንሚንግን ነው። ሦስት ግጥሞች ናቸው፤ ሥጋ ለጥላ ይናገራል፣ ጥላ ይመልሳል፣ መንፈስ ይፈርዳል። ሥጋ ሣርና ዛፍ ረግፎ መልሶ ሲለመልም እኔ ግን አልመለስም፣ ወደማይሞቱት ማማ የምወጣበት ጥበብም የለኝምና ጠጅ ሲቀርብልህ እንቢ አትበል ይላል። ጥላ ደግ ሥራ ስም ያስቀራል፣ ከጠጅ ይሻላል ይላል። መንፈስ ሁለቱንም ያሳፍራቸዋል፤ ዕለት ዕለት መጠጣት ዕድሜን ያሳጥር ይሆናል፣ ደግ ብትሠራስ ማን ያመሰግንሃል? ወደ ታላቁ ለውጥ ማዕበል ግባ፣ አትደሰት፣ አትፍራ፤ ማለቅ ሲኖርበት ይለቅ። መላሿ እንደ አስረዳችው በዚያው ዘመን፣ ገጣሚው ከሚኖርበት ብዙ በማይርቀው በሉ ተራራ ላይ፣ ሁዩዋን የተባለው ታላቅ የቡድሃ መነኩሴ ሥጋ ቢያልቅም መንፈስ አይጠፋም ብሎ ያስተምር ነበር። ታኦ ለመነኩሴው የመለሰው በክርክር አይደለም፤ መንፈስን ራሱን አስነሥቶ እኔም አልቃለሁ አሰኘው። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና አልሁ።

የምሕንድስናው ወጣት በ19ኛው፣ በዚህ ጊዜ ለዲያቆኑ አክብሮቱን አስቀድሞ፣ ፋን ዠንን ጨመረ። ይህ ሰው በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መንፈስ ለሥጋ፣ ስለት ለቢላ እንደ ሆነው ነው፤ ቢላው ከሌለ ስለት ወዴት አለ ብሎ ጻፈ። ያለፈ ሕይወት ካልተቆጠረ አንዱ ባለጠጋ ሌላው ድኻ ሆኖ ስለ ምን ይወለዳል ብሎ አንድ የቡድሃ አማኝ መስፍን ሲጠይቀው፣ ከአንድ ዛፍ የረገፉ አበቦች ነፋስ እንደ መራቸው አንዱ ስጋጃ ላይ፣ ሌላው መጸዳጃ ቤት ይወድቃል፤ መስፍኑ ስጋጃው ላይ ወደቁ፣ እኔ መጸዳጃው ውስጥ ብሎ መለሰለት። በኋላ የሊያንጉ ንጉሠ ነገሥት ዉ መልስ እንዲሰጥ ጥሪ ሲያደርግ ከ60 በላይ ባለሟሎች የተቃውሞ ጽሑፍ አቀረቡ። የእኛ 23 ምላሽ እንግዲህ ትንሽ ነው።

20ኛው ያው የኩበቱ መላሽ ነው፤ አሁን ለስላሳ ሆኖ መጣ። ያመጣትም ገጣሚው ሊ ሻንግዪን በዘጠነኛው መቶ ዓመት የጻፋት የአራት መሥመር ግጥም ናት። የሃኑ ንጉሥ ወን፣ አዋቂውን ጂያ ዪን ከግዞት አስጠርቶ እስከ እኩለ ሌሊት አወያየው፤ ወሬው ስለ ጣፈጠው የተቀመጠበትን ምንጣፍ እየገፋ ቀረበ። እስከዚህ ድረስ ግጥሙ ብልህ ፈላጊውን ንጉሥ የሚያወድስ ሰም ነው። በመጨረሻው መሥመር ወርቁ ይወጣል፤ ንጉሡ የጠየቀው ስለ መናፍስት እንጂ ስለ ሕዝቡ አልነበረም። ሳያስበው፣ ወይም አስቦት ይሆናል፣ ይህ መላሽ በ2ኛው ምላሽ እኅታችን ወደ ጀመረችበት ወደ ፋን ቺ ጥያቄ መለሰን፤ ለሕዝቡ የሚገባውን ማድረግ ይቀድማል።

ከዚያ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። 21ኛው ምላሽ ተርጓሚው ወንድማችን ነበረ። ስለ ዶሮዋ ተረት ቂም እንዳልያዘ ገልጾ፣ ባለፈው ዓመት እናቱ እንዳረፉ ነገረን። እርሱ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ምን እንደሚያምን ቢጠየቅ መልስ የለውም። በአርባው ቀን ግን ካህናት ጠርቶ ፍትሐት አስደረገ፣ ተዝካሩን አወጣ፣ ጎረቤት በላ። ያ ቻይናዊ አለቃም መጥቶ በፎቶግራፋቸው ፊት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ፣ ምንም ሳይጠይቅ የቀረበለትን በላ። ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንድማችን ቡና ሲፈላ አቦሉን በእናቱ ሲኒ ቀድቶ እርሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ አኖረው። እስኪቀዘቅዝም ጠበቀ።

22ኛው የዲያቆኑ ነው፤ አንዲት መሥመር ብቻ፤ የእናቲቱን የክርስትና ስም ይጠይቃሉ።

በ23ኛው ወንድማችን ስሙን ጻፈላቸው።